የአሮጌ የጓሮ ትራክተር የሞተር ሳፖርቶ በርካሽ ከየት ይገኛል?

ጥያቄው፦ ከሐይቅ ከተማ ወጣ ብሎ ባለ የፍራፍሬ ማሳ የምንሠራበት አሮጌ ኩብ ካዴት 1450 የጓሮ ትራክተር አለን። ሞተሩ ባለ አንድ ሲሊንደር ኮህለር፣ ቤንዚን፣ 14 የፈረስ ጉልበት ነው። ከሥሩ ካሉት አራት የጎማ ማረፊያዎች (ሳፖርቶዎች) በቀኝ በኩል ያሉት ሁለቱ ተቀድደዋል፣ በግራ ያሉት ሁለቱ ተጨፍልቀዋል። ዋናውን ከውጭ ለማስመጣት የተጠየቅነው ዋጋ ከአቅማችን በላይ ነው። የመኪና ሳፖርቶ ይሆናል? ከመኪና ጎማ ቆርጦ መሥራትስ? ወይስ ጎማውን ትቶ ብረት በብረት ማሰር ይሻላል? ትራክተሩ ተሳቢ ይጎትታል፤ በበጋ ደግሞ ከፊት ባለው ፑሊ ቺንጋ አያይዘን ውሃ እንስብበታለን።

ምላሽ፦

ባጭሩ ልመልስና ወደ ዝርዝሩ እገባለሁ። የመኪና ሞተር ሳፖርቶ ለዚህ ሥራ ይጠነክራል፤ ተዉት። ከጎማ ቆርጦ መሥራት ይቻላል፣ ግን የሚያዋጣው አንድ ዓይነት አሠራር ብቻ ነው። ብረት በብረት ማሰር የመጨረሻው አማራጭ ነው። ርካሽም ተስማሚም ሆኖ የምታገኙት የ5 ወይም የ6 ኬቪኤ የቤንዚን ጄኔሬተር ሳፖርቶ ነው። መብራት በሚጠፋበት አገር ጄኔሬተር ጠጋኝ አይጠፋም፤ ሐይቅ ላይ ባታገኙ ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ታገኛላችሁ።

ዋጋው የሚሰቀለው ዕቃው በትራክተሩ ስም ሲፈለግ ነው። 1450ን በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ያመረተው ኢንተርናሽናል ሃርቨስተር ነበር፤ የኩብ ካዴትን ሥራ በ1981 ለሌላ ድርጅት አስተላልፎታል። ለዚህ ሞዴል ተብሎ የሚሸጥ ጎማ ዛሬ ዋጋው የሚቆረጠው አሮጌ ትራክተር በሚሰበስቡ አሜሪካውያን ኪስ ልክ ነው። ዕቃው ራሱ ግን በሁለት ብረት መሃል የተጣበቀ ጎማ ነው። ሻጩ ስለ ትራክተሩ ምንም ባያውቅ ግድ የለም። አምስት ነገር ይዛችሁ ሂዱ፦ ዓይነቱን፣ ስፋቱን፣ ቁመቱን፣ የቡሎኑን ጥርስና የሚሸከመውን ክብደት።

ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ግን በቀኝ ያሉት ሁለቱ ለምን እንደተቀደዱ መታወቅ አለበት፤ አለዚያ አዲሱም በዚያው መንገድ ይሄዳል። የውሃ ፖምፑን የምታስቀምጡት ከትራክተሩ በስተግራ ይመስለኛል። ልክ ከሆንኩ ምክንያቱ ቺንጋው ነው። 5 የፈረስ ጉልበት የሚወስድ ፖምፕ በደቂቃ 3600 በሚዞር 12 ሳንቲ ሜትር ፑሊ ሲነዳ፣ የቺንጋው ሁለት ጎኖች አንድ ላይ ሞተሩን ወደ ጎን የሚስቡት ከ25 እስከ 30 ኪሎ በሚሆን ኃይል ነው። ይህ የሞተሩን ክብደት ግማሽ ያህላል። ስቦሹ የሚመጣው ከማረፊያዎቹ ከፍ ብሎ ካለው ፑሊ ስለሆነ ሞተሩን ወደ ግራ ያጋድለዋል፤ የግራዎቹ ይጨፈለቃሉ፣ የቀኞቹ ወደ ላይ ይመዘዛሉ። ጎማ መጫንን ይችላል፤ መመዘዝን ግን አይችልም። ከብረቱ ጋር ከተጣበቀበት መስመር ነው የሚላቀቀው። የወጡትን አገላብጣችሁ እዩ፦ የቀኞቹ ከብረቱ ጠርዝ ላይ ንጹሕ ሆነው ከተላቀቁ ነገሩ ይኸው ነው። መሃል ለመሃል ተሰነጣጥቀው ከሆነ እርጅና ነው። አብጠው፣ ለስልሰው፣ ጣት የሚያጠቁሩ ከሆነ ደግሞ ዘይት ወይም ቤንዚን ሲንጠባጠብባቸው ኖሯል።

መንቀጥቀጡም ሁሉ የሳፖርቶ ላይሆን ይችላል። ሐይቅ 2000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፤ እዚያ አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተሩ ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህል ያጣል፣ ለባሕር ጠለል የተስተካከለ ካርቡሬተርም ቤንዚን ያበዛል። ካንዴላው ጥቁር ጥላሸት ከለበሰ ዋናውን የካርቡሬተር መርፌ በሩብ ዙር ወደ ውስጥ እያጠበቃችሁ ሞክሩ፤ ጭነት ላይ ሲሆን መንተፋተፍ ከጀመረ መልሱት። ሌላም አለ፤ የዚህ ኮህለር ሞተር ብዙዎቹ በውስጣቸው ንዝረት የሚያጠፉ ሁለት የሚዛን ጥርሶች (ጥርስ ያላቸው ክብ ብረቶች) ነበሯቸው፣ ሞተሩ ሲታደስ መካኒኮች አውጥተው የሚተዉበት ጊዜ አለ። ከእድሳት በኋላ የመጣ መንቀጥቀጥ ከሆነ ያደሰውን ሰው ጠይቁት። ጥርሶቹ ወጥተው ከሆነ ሞተሩ ጉዳት የለበትም፣ ነገር ግን ለስለስ ያለ ሳፖርቶ ያስፈልገዋል።

አሁን ወደ ልኩ። መጀመሪያ ዓይነቱን ለዩ። ሁለት ዓይነት ነው ያለው። አንደኛው ድብልብል ሆኖ ላይና ታች የብረት ሳህን ያለበት፣ ከሁለቱም ሳህኖች ቡሎን የወጣለት (ወይም በአንዱ በኩል ቡሎን፣ በሌላው ጥርስ ያለው ቀዳዳ) ነው። ሁለተኛው ሁለት ቁራጭ ነው፤ አንዱ ከማሰሪያው ብረት በላይ፣ አንዱ ከሥሩ ይገባል፣ መሃላቸውን አንድ ረጅም ቡሎን በብረት ቡሽ (አጭር ቱቦ) ውስጥ ያልፋል። ከሁለተኛው ዓይነት ጋር ሥራው ይቀላል፣ ምክንያቱም ጎማው ሁልጊዜ ይጫናል እንጂ አይመዘዝም፤ ቢቀደድም ሞተሩ በቡሎኑ ተይዞ ይቀራል።

ስፋቱን በካሊፐር ውሰዱ። ቁመቱን ግን ከተጨፈለቀው ላይ አትውሰዱ፤ ከአዲሱ ሦስትና አራት ሚሊ ሜትር ሊያንስ ይችላል። ትክክለኛው ቁመት የሚገኘው ከሞተሩ ዘንግ ነው። 1450 ኃይሉን ወደ ኋላ የሚወስደው በቺንጋ ሳይሆን በዘንግ ነው፤ ስለዚህ ሞተሩ ካለበት ዝቅ ሲል ዘንጉ ይጣመማል፣ ኮፕሊንጉም (የዘንጉ ማገናኛ) ይበላል። ሞተሩን በክሪክና በሽብልቅ እያነሣችሁ ዘንጉ ከሁለቱም ጫፍ ቀጥ ሲል፣ በሞተሩ ማሰሪያና በሻንሲው መሃል ያለውን ክፍተት ለኩ። ያ ክፍተት ሳፖርቶው ከተጫነ በኋላ የሚኖረው ቁመት ነው። 2 ሚሊ ስትጨምሩበት ሳይጫን ሊኖረው የሚገባው ቁመት ይመጣል። የተገኘው ከዚያ ካጠረ በሮንዴላ ወይም በላሜራ ይሞላል፤ ከረዘመ ግን መፍትሔ የለውም። ስለዚህ ስትጠራጠሩ አጠር ያለውን ግዙ።

ጥርሱ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ትራክተሩ አሜሪካ ሠራሽ ስለሆነ ቡሎኖቹ በኢንች ናቸው፤ ገበያው ላይ ያለው ደግሞ በሚሊ ሜትር። ባለ 5/16 ኢንች ቡሎን ውፍረቱ 7.94 ሚሊ ነው፤ ከኤም 8 (ባለ 8 ሚሊ ቡሎን) ጋር በዓይን አይለይም። የኤም 8 ዳዶ አንድ ሁለት ዙር ይገባለትና ይነክሳል፤ ያኔ በቁልፍ ከተገፋ ጥርሱ ይበላል። ባለ 3/8 ኢንቹ 9.5 ሚሊ ነው፣ በአንድ ኢንች ውስጥ 16 ጥርስ አለው፤ ኤም 10 ደግሞ እርምጃው (ከጥርስ እስከ ጥርስ ያለው ርቀት) 1.5 ሚሊ ሆኖ በዚያው ርዝመት ወደ 17 ጥርስ ይጠጋል። ማዛመድ አይቻልም፣ መሞከርም አያስፈልግም። የማሰሪያውን ቀዳዳ በ10.5 ሚሊ መሰርሰሪያ አስፍታችሁ ሙሉ በሙሉ ወደ ኤም 10 ተሻገሩ፤ ዳዶውም፣ ሮንዴላውም ከዚያ በኋላ ከየትኛውም የመለዋወጫ ሱቅ ይገኛል።

ክብደቱ ዋናው ነገር ነው። ይህ ሞተር ከነክላቹ 60 ኪሎ አካባቢ ይመጣል፤ በትክክል ማወቅ ከፈለጋችሁ ከእህል ነጋዴ ተንጠልጣይ ሚዛን ተዋሱ። ለአራት ሲካፈል አንድ ሳፖርቶ የሚሸከመው 15 ኪሎ ነው። ጥሩ ሳፖርቶ በዚህ ክብደት ከ1.5 እስከ 3 ሚሊ ይሰምጣል። ከ1 ሚሊ በታች የሚሰምጥ ንዝረቱን እንዳለ ወደ ሻንሲው ስለሚያሳልፍ ከብረት አይሻልም። ከ4 ሚሊ በላይ የሚሰምጥ ደግሞ ሞተሩን ያንከራትተዋል፣ ዘንጉንም ያጣምመዋል። የመኪና ሳፖርቶ የማይሆነው ለዚህ ነው፤ የትንሽ መኪና ሞተር እንኳ ከነካምቢዮው ከ100 ኪሎ በላይ ስለሚመዝን፣ በሦስት ወይም በአራት ጎማ ሲካፈል አንዱ የእናንተን ሁለትና ሦስት እጥፍ እንዲሸከም ተደርጎ ነው የሚሠራው። 15 ኪሎ ሲጫንበት አይሰማውም።

መስመጡን ለመለካት ላቦራቶሪ አያስፈልግም፤ ሦስት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ይበቃል። አራቱን ሳፖርቶ ደልዳላ ሲሚንቶ ላይ፣ በሞተሩ ሥር በሚኖራቸው ርቀት አስቀምጡ። የታችኛው ቡሎን እንዳያስቸግር ቀዳዳ ባለው ጣውላ ላይ አቁሟቸው። በላያቸው ጠንካራና ያልተጣመመ ጣውላ ጫኑ፤ የላይኞቹ ቡሎኖች በሱም ላይ ቀዳዳ ይፈልጋሉ። ከሁለቱ ጣውላዎች መሃል ያለውን ክፍተት በአራቱም ማዕዘን በካሊፐር ለክታችሁ ጻፉ። ከዚያ ውሃ የሞሉ ሦስት ጀሪካኖች ደርድሩበት፤ ውሃው ብቻ 60 ኪሎ ነው። ሩብ ሰዓት ጠብቃችሁ፣ ጀሪካኖቹ ሳይነሡ እንደገና ለኩ። ልዩነቱ መስመጡ ነው። አንዱ ማዕዘን ከሌሎቹ ከግማሽ ሚሊ በላይ ከተለየ ያ ጎማ የሌሎቹ ወንድም አይደለም፤ መልሱት። ሻጩ ቀድሞ ከተስማማ ይህን እዚያው ሱቁ በር ላይ ማድረግ ይቻላል።

የጄኔሬተሩ ሳፖርቶ የሚስማማው በአጋጣሚ አይደለም። የ5 እና የ6 ኬቪኤ የቤንዚን ጄኔሬተር ከ13 እስከ 15 የፈረስ ጉልበት ያለው ባለ አንድ ሲሊንደር ሞተር ነው፤ በደቂቃ 3000 ይዞራል፤ ሞተሩና አልተርኔተሩ ተደምረው ከእናንተው ሞተር ብዙም አይርቁም፣ የሚቀመጡትም በአራት ጎማ ላይ ነው። ሥራው አንድ ነው ማለት ይቻላል። ሦስት ነገር ግን ልብ በሉ። አንዳንዱ ጄኔሬተር ላይ በሞተሩ በኩል ያሉት ሁለቱና በአልተርኔተሩ በኩል ያሉት ሁለቱ በጥንካሬ ይለያያሉ፤ ካልተመሳሰሉ ከሁለት ስብስብ አራት አንድ ዓይነት አውጡ። ቡሎናቸው ብዙ ጊዜ ኤም 8 ነው፤ ለትራክተር ኤም 10 ያለው ከተገኘ ይመረጣል፣ ካልተገኘ ኤም 8ቱን በሰፊ ሮንዴላ ተጠቀሙ። ሦስተኛው፣ ጄኔሬተር አንድ ቦታ ተቀምጦ ነው የሚሠራው፤ ትራክተር ግን ቦይ ይዘላል፣ ድንጋይ ይረግጣል። ስለዚህ ሞተሩ ወደ ላይ ሲዘል የሚይዘው ነገር ያስፈልጋል። ወደዚያ እመለሳለሁ። የናፍጣ ጄኔሬተር፣ ለምሳሌ ባለ 10 ወይም 20 ኬቪኤው፣ ቢሰጧችሁ አትቀበሉ፤ ክብደቱ ብዙ ስለሆነ ጎማውም የዚያኑ ያህል ደረቅ ነው።

ጄኔሬተሩ ጋ ካልተሳካ የጭነት መኪና የራዲያተር ማረፊያ ጎማ ጠይቁ። የአይሱዙ ዓይነት መካከለኛ የጭነት መኪና ራዲያተር ውሃውን ጨምሮ ጥቂት አሥር ኪሎ ስለሚመዝንና በሁለት ጎማ ላይ ስለሚያርፍ፣ የአንዱ ድርሻ ወደ እናንተ 15 ኪሎ ይጠጋል። ብዙው ባለ ሁለት ቁራጭ፣ ቡሎን መሃሉን የሚያልፍ ዓይነት ነው፤ ይህ ደግሞ እንዳልኩት የሚመረጠው ነው። ጉዳቱ ስስ መሆኑ ነው፤ አንዳንዱን ሁለት ደርቦ ማስገባት ያስፈልጋል። የኮብልስቶንና የመንገድ ሥራ የሚሠሩ ማኅበራት የሚጠቀሙበት የመሬት መጠቅጠቂያ ማሽን ጎማም አለ፤ እሱ በጣም ለስላሳ ነው፣ በጀሪካን ሳትፈትኑ አትግዙት። የባጃጅ ሞተር ጎማ በየከተማው በርካሽ አለ፣ ነገር ግን ቅርጹ ከሻንሲያችሁ ጋር ስለማይገጥም ማሰሪያ ማስበየድ ይጠይቃል፤ የብየዳው ዋጋ ሲደመር ርካሽነቱ ያበቃል።

ከደሴና ከኮምቦልቻ ካጣችሁ አዲስ አበባ መርካቶ ሶማሌ ተራ ነው የሚኬደው። ያገለገለና ከሌላ ማሽን የተፈታ ከሆነ ምናለሽ ተራም ይገኛል። ራሳችሁ መሄድ የለባችሁም፤ አሮጌውን ሳፖርቶ ማስመሪያ አጠገብ አድርጋችሁ ከጎንና ከላይ ፎቶ አንሡ፣ ስፋት፣ ቁመት፣ ጥርስና «አንዱ 15 ኪሎ ይሸከማል» ብላችሁ ጻፉበት፣ ለምታምኑት ሰው ላኩለት። ዕቃው ትንሽ ነው፣ በአውቶቡስ ይመጣል። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካላችሁም አራቱ አንድ ኪሎ እንኳ አይሞሉም፣ ሻንጣ ውስጥ ይገባሉ። በትራክተሩ ስም አትዘዙ፤ በልኩ እዘዙ፦ ለምሳሌ «ስፋት 40፣ ቁመት 30፣ ኤም 10፣ ጥንካሬ ሾር ኤ 45»። ሾር ኤ የጎማ ጥንካሬ መለኪያ ነው፤ የመኪና ጎማ መሬት የሚነካው ክፍል ከ60 እስከ 70 ይሆናል፣ ለናንተ የሚፈለገው ከ40 እስከ 55 ባለው ውስጥ ነው።

ስትገዙ አዲስ መሆኑ ብቻ አይበቃም። ጎማ መደርደሪያ ላይም ያረጃል። ጎበጥ አድርጋችሁ እጠፉት፤ ሲታጠፍ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ከታየ ቆይቷል ማለት ነው። ጎማውና ብረቱ የተገናኙበትን ዙሪያውን በጥፍር ሂዱበት፤ ጥፍር የሚገባበት ቦታ ካለ መጣበቁ ከወዲሁ ጀምሮ ደካማ ነው፣ ጫማ ማጣበቂያም ሆነ ሌላ ሙጫ አያድነውም። ጎማን ከብረት የሚያጣብቀው በፋብሪካ በሙቀትና በግፊት የሚሠራ ሥራ ነው፤ ጎሚስታ ከመነዳሪ በሚለጥፍበት ካውያ ሊሠራው የሚችል ነገር አይደለም። ርካሹ አብዛኛው ከተፈጥሮ ጎማ ስለሚሠራ ቤንዚንና ዘይት አይወድም፤ ከጠርዙ ቅንጣት ሸርፋችሁ ለአንድ ቀን ቤንዚን ውስጥ ብትተዉት አብጦ ታዩታላችሁ። ይህ እንዳይገዛ አያደርገውም። የዘይቱን መንጠባጠብ አስቁሙ፣ ከየሳፖርቶው በላይ ደግሞ ትንሽ የላሜራ ጥላ አብጁለት።

የመኪና ጎማ ቆርጦ መሥራት ጠይቃችኋል። ድብልብሉ ዓይነት፣ ሳህን የተጣበቀበት፣ በዚህ መንገድ አይሠራም። የሚሠራው ባለ ሁለት ቁራጩ ነው፣ ጎማው የሚጫን ብቻ እንዲሆን ተደርጎ። ሽቦ የሌለበት፣ ክሩ ናይሎን የሆነ የጭነት መኪና አሮጌ ጎማ ፈልጉ። በረባሶ የሚሠራ ሰው የቱ ሽቦ እንዳለበት በዓይኑ ይለያል፣ ቢላውም እጁም ለዚህ የተሠራ ስለሆነ ክብ አድርጎ የሚቆርጥላችሁ እሱ ነው። ለየማረፊያው ስፋቱ 45 ሚሊ የሆነ፣ ከላይ የሚገባ በድምሩ 25 ሚሊ ውፍረት ያለው፣ ከታች የሚገባ 12 ሚሊ ውፍረት ያለው አስቆርጡ። አንዱ ቁራጭ ካልበቃ ይደረብ፣ ማጣበቂያ አያስፈልገውም። የጎማው መሬት የሚነካው ክፍል ደረቅ ስለሆነ ውፍረቱን አትቀንሱ፤ 10 ሚሊ ብቻ አድርጎ ማሰር ብረት በብረት ከማሰር አይለይም።

ቁልፉ ቡሹ ላይ ነው። ቶርኖ ቤት ከ16 ሚሊ ድፍን ብረት፣ ውስጡ 10.5 ሚሊ የተቀደደ ቡሽ ያስወጡላችሁ። ርዝመቱ እንዲህ ይሰላል፦ የላይኛው ጎማ 25፣ የሞተሩ ማሰሪያ ብረት 6፣ የታችኛው ጎማ 12፣ ድምር 43፤ ከዚያ ላይ 3 ቀንሱ፣ ቡሹ 40 ሚሊ ይሆናል። ቡሎኑ ሲጠብቅ ሮንዴላው ቡሹ ላይ ይቆማል፣ ጎማው 3 ሚሊ ብቻ ይጨመቃል፤ ከዚያ በላይ ምንም ያህል ቢጠብቅ ጎማው አይጨፈለቅም። ቡሹ ባይኖር ግን መካኒኩ መንቀጥቀጡን ሊያቆም ባጠበቀው ቁጥር ጎማው ወደ ጎን ይወጣል። የማሰሪያው ቀዳዳ ወደ 24 ሚሊ ይስፋ፣ ቡሹም ላይ የውሃ ጎማ ቱቦ ቁራጭ ይልበስበት፤ ያለዚያ ቡሹ የቀዳዳውን ጠርዝ ይመታል፣ ንዝረቱም በዚያ በኩል ያልፋል። ቀዳዳው ከሰፋ በኋላ ዙሪያውን ቢያንስ 10 ሚሊ ብረት ካልቀረ ተጨማሪ ላሜራ ማስበየድ ግድ ነው። ይህን ሁሉ ደምራችሁ የቶርኖውን ዋጋ ከጄኔሬተር ሳፖርቶ ጋር አወዳድሩት፤ እኔ ብሆን ጄኔሬተሩን እየፈለግሁ ለጊዜው ብቻ ነው የምሠራበት።

ብረት በብረት ማሰር በራሱ ሞተሩን አይሰብረውም። ጎማ ጨርሶ የሌለባቸው የጓሮ ትራክተሮች ሞልተዋል፤ የእጅ ትራክተሩም ሞተር ቢሆን በቡሎን ነው የሚታሰረው። ልዩነቱ እነዚያ ሲሠሩ ለዚያ ታስበው መሠራታቸው ነው። 1450 ላይ ጎማው ሲወጣ ንዝረቱ የሚያርፈው ለዚያ ባልተዘጋጀ ላሜራ ላይ ነው፤ ኮፈኑ ከማጠፊያው ይሰነጠቃል፣ የቤንዚን ታንኩ ማሰሪያ ይላላል፣ የባትሪው መቀመጫ ይበላል፣ ቡሎን በየሳምንቱ ማጥበቅ የማያልቅ ሥራ ይሆናል። የሚጠፋ ጊዜ ከሌላችሁና የግድ ከሆነ፣ በየማረፊያው ድፍን ብረት አስገቡና ዘንጉ ቀጥ እስኪል በስስ ላሜራ አስተካክሉ። ዘንጉ ሳይስተካከል ብረት በብረት ከታሰረ ኮፕሊንጉ ብዙ አይቆይም፣ ምክንያቱም ቀድሞ ጥቂት ጥመትን የሚሸከምለት ጎማው ነበር።

ለመግጠም ወደሚደረገው እንሂድ። ከባትሪው በመጀመሪያ ነጌቲቩን ንቀሉ። የቤንዚን ቱቦውን ዝጉና ንቀሉ፤ የጋዝና የቾክ ገመዶቹን፣ ማርሚታውን፣ ዘንጉንም ፍቱ። ክሪኩን በቀጥታ የዘይት ቤቱ ሥር አታሳርፉ፤ ወፍራም ጣውላ መሃል ይግባ። በላይ ምሰሶ ካለ በገመድ ማንጠልጠል ይሻላል። አራቱን አንድ ላይ አትፍቱ፤ የፊተኞቹን ሁለት ለውጡ፣ ከዚያ የኋለኞቹን፤ ሞተሩ ቦታውን እንዳይስት። ደግሞ አራቱም ይለወጣሉ። ሁለት አዲስና ሁለት አሮጌ ከተቀላቀሉ ሞተሩ ወደ አሮጌዎቹ ያጋድላል፣ አዲሶቹም በአጭር ጊዜ ይቀደዳሉ።

ድብልብሉን ስታጠብቁ ዋናው አደጋ መጠምዘዝ ነው። ዳዶው ሲዞር ጎማው አብሮ ከተጠመዘዘ፣ ገና ሥራ ሳይጀምር መጣበቂያው ላይ ውጥረት ይዞ ይቀራል። ሳህኑን በፒንሳ ወይም በቁልፍ ይዛችሁ ዳዶውን ብቻ አዙሩ። ከገጠማችሁ በኋላ እንዳልተጠመዘዘ ለማወቅ፣ ከመግጠማችሁ በፊት ከላይ እስከ ታች በኖራ ቀጥ ያለ መስመር አስምሩበት፤ መስመሩ ከተጣመመ ፍቱና ድገሙ። ለኤም 8 ወደ 15 ኒውተን ሜትር፣ ለኤም 10 ወደ 30 ይበቃል። መለኪያ ቁልፍ ከሌለ፣ 15 ሳንቲ ሜትር በሚረዝም ቁልፍ ጫፍ ላይ ለኤም 8 የ10 ኪሎ፣ ለኤም 10 የ20 ኪሎ ያህል ግፊት ነው። ናይሎን ያለበት ዳዶ ተጠቀሙ፤ ተራው ከንዝረቱ ጋር ይፈታል።

ወደ ላይ መዝለሉን የሚይዘው ነገር ያልኩት እዚህ ይመጣል። በእያንዳንዱ ጎን አንድ ኤም 10 ረጅም ቡሎን ከሻንሲው ተነሥቶ በሞተሩ ማሰሪያ ውስጥ፣ 16 ሚሊ በተቀደደ ቀዳዳ ልቅ ሆኖ ይለፍ፤ ከላይ ሰፊ ሮንዴላ፣ ከሥሩ ቁራጭ ጎማ፣ ከዚያ ሁለት ዳዶ እርስ በርስ የተቆላለፉ። ከማሰሪያው 4 ሚሊ ያህል ክፍተት ይኑረው፤ ሞተሩ ሲሠራ አይነካውም፣ ትራክተሩ ሲዘል ግን ሳፖርቶው ከመመዘዙ በፊት ይይዘዋል።

ለቺንጋው ደግሞ ሌላ ያስፈልጋል። ፖምፑ በሚቀመጥበት ተቃራኒ ጎን፣ ከፑሊው ቅርብ ካለ የሞተር ቡሎን ተነሥቶ ሻንሲው ላይ የሚያርፍ የ12 ሚሊ ብረት ክንድ አሠሩ፤ በሁለቱም ጫፍ የአሞርዛተር ጎማ ይግባበት። ይህ ክንድ የቺንጋውን ስቦሽ ይወስዳል፣ ሳፖርቶዎቹ የሞተሩን ክብደት ብቻ ይሸከማሉ። ውሃ በማትስቡበት ጊዜ ተፈትቶ ሊቀመጥ ይችላል። ክንዱ ከሌለ፣ 2 ሚሊ የሚሰምጠው ለስላሳ ሳፖርቶ በ30 ኪሎ ስቦሽ ሞተሩን 5 ሚሊ አካባቢ ወደ ጎን ስለሚያስኬደው ቺንጋው ይላላል፤ እናንተም ታጠብቁታላችሁ፣ ስቦሹም ይብሳል። የቀኞቹ የተቀደዱት በዚህ ዙር ውስጥ ይመስለኛል።

ሞተሩ በጎማ ላይ ሲቀመጥ ከሻንሲው ጋር የኤሌክትሪክ ግንኙነቱ ይቋረጣል። አሮጌው የመሬት ሽቦ ተበጥሶ ከሆነ፣ ሞተሪኖ ሲዞር ሞገዱ መንገድ ፍለጋ በጋዝና በቾክ ገመድ በኩል ያልፋል፤ ገመዱ ይግላል፣ ሽፋኑ ይቀልጣል፣ አንዳንዴም ይጣበቃል። ከሞተሩ ወደ ሻንሲው፣ ቀለሙ ተፍቆ ብረቱ በታየበት ቦታ፣ የባትሪ ገመድ ያህል ውፍረት ያለው ሽቦ እሰሩ፤ ትንሽ ረገብ ይበል። የቤንዚን ቱቦውና ገመዶቹም ቢያንስ የ2 ሳንቲ ሜትር ልልነት ይኑራቸው። ማርሚታው ከሻንሲው ጋር ተበይዶ ወይም ተጠርንፎ ከሆነ ፍቱት፤ ከሞተሩ ጋር ብቻ መንቀሳቀስ አለበት፣ አለዚያ አንገቱ ላይ ይሰበራል።

ገጥማችሁ እንደጨረሳችሁ ዘንጉን አትሰሩ። ጎማ ክብደት ካረፈበት በኋላ ቀስ እያለ ጥቂት ስለሚሰምጥ ሞተሩ ሌሊቱን እንዲህ ይደር። ጠዋት ኮፕሊንጉ ላይ በአራት ቦታ ክፍተቱን ለኩ፤ ከላይና ከታች፣ ከግራና ከቀኝ ያለው ልዩነት ከግማሽ ሚሊ ካልበለጠ እሰሩት፤ ከበለጠ ዝቅ ባለው በኩል ከሳፖርቶው ሥር ላሜራ ጨምሩ።

ስታስነሡት ዝቅ ባለ ዙር ይጨፍራል፤ አትደንግጡ። ባለ አንድ ሲሊንደር ሞተር የሚተኩሰው በየሁለት ዙሩ አንዴ ነው። በደቂቃ 1200 ሲዞር በሴኮንድ 10 ጊዜ ይመታል፤ 2 ሚሊ የሰመጠ ሳፖርቶ ደግሞ ሞተሩን ይዞ በራሱ የሚወዛወዘው በሴኮንድ 11 ጊዜ አካባቢ ነው። ሁለቱ ተቀራራቢ ስለሆኑ ይገናኛሉ። ጋዙን ጥቂት ከፍ ስታደርጉ ይላቀቃሉ፣ ከ2000 በላይ ሲሆን መሪው ላይ የሚሰማው ንዝረት ከቀድሞው በእጅጉ መቀነስ አለበት። ካልቀነሰ ጎማው ደርቋል ወይም አንድ ቦታ ብረት ብረትን ነክቷል፤ በሞተሩና በሻንሲው መሃል ካርቶን እያስገባችሁ የሚነካበትን ቦታ ፈልጉ። ከ5 ሰዓት ሥራ በኋላ፣ ከዚያም ከ25 ሰዓት በኋላ ዳዶዎቹንና የኮፕሊንጉን ክፍተት መርምሩ።